ስልክን ወይም ኤምፒ3 ማጫወቻን ከአሮጌ የመኪና ቴፕ ጋር እንዴት እናገናኝ?

መኪናው ደህና ይሄዳል። ቴፑም አልተበላሸም፤ ራዲዮው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ስፒከሮቹም ጤነኛ ናቸው። ችግሩ ዘፈኖቻችሁ በሙሉ ስልክ ወይም ኤምፒ3 ማጫወቻ ውስጥ መሆናቸው ነው። ቴፑ ደግሞ የተሠራው በካሴትና በሲዲ ዘመን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ኤፍኤም ማሰራጫ ነው። ያቺን ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ ማለቴ ነው። ከዚያ ዘፈኑን «ሽሽ» ከሚል ጫጫታ ጋር፣ አንዳንዴም ከጎረቤት ጣቢያ ዜና ጋር እየቀላቀለ ይሰማል። ዕቃዋ የማትረባ ሆና አይደለም። ግን መሞከር ያለባት ሌላው መንገድ ሲዘጋ ነው። የኔ ደንብ ይህ ነው፦ ድምፁ በገመድ ቴፑ ድረስ መሄድ ከቻለ በገመድ ይሂድ። ስለዚህ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ቴፑ ምን መግቢያ እንዳለው እንይ።

መጀመሪያ ቴፑን መርምሩ

የስልክ መብራት ያዙና የቴፑን ፊት በደንብ እዩ። የምትፈልጉት የኢርፎን ጃክ የሚገባባትን ክብ ቀዳዳ ነው፤ ስፋቷ 3.5 ሚሊሜትር ነው። አጠገቧ ብዙ ጊዜ «ኦክስ» (AUX) ወይም «ላይን ኢን» (LINE IN) የሚል ጽሑፍ አለ። የኢርፎን ምልክት ካለባት ግን ጠንቀቅ በሉ፤ ድምፅ የምታወጣ እንጂ የምትቀበል ላትሆን ትችላለች።

ፊቱ ላይ ካጣችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ያለውን ሳጥን ክፈቱ። ከማርሹ ፊት ለፊት እዩ። ከተሳፋሪው ጉልበት በላይ ያለውን የዕቃ ማስቀመጫም አትርሱ። አንዳንዷ ቀዳዳ ክዳን ስላላት መኪናውን ለዓመታት የነዳ ሰው እንኳ ልብ አይላትም።

ቀጥሎ ቴፑን አብሩና «ሶርስ» ወይም «ሞድ» የሚለውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ምን ምን እንደሚመጣ አስተውሉ። ኤፍኤም፣ ኤኤም፣ ካሴት፣ ሲዲ እያለ ይዞራል። «ኦክስ» ካለ፣ ግን የትም ቀዳዳ ካላያችሁ፣ መግቢያው ከቴፑ ጀርባ ነው ማለት ነው። «ሲዲ ቼንጀር» ካለም ጥሩ ዜና ነው፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። ሁለቱም ካልመጡ ደግሞ ቴፑ የለውም ብላችሁ ቶሎ አትደምድሙ። በብዙ ቴፖች ላይ ኦክስ ከሴቲንግ ውስጥ ካልተከፈተ አይታይም። ሌሎቹ ደግሞ ጃክ ሲሰካባቸው ብቻ ነው የሚያሳዩት። ቴፑ ፊት ላይ ወይም አካሉ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ጻፉና የአጠቃቀም መመሪያውን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ይህ ቁጥር በኋላም ዕቃ ስትገዙ ያስፈልጋችኋል።

ሁለት የሚያታልሉ ነገሮች አሉ። አንደኛው ብሉቱዝ ነው። ቴፑ ብሉቱዝ አለው ማለት ሙዚቃ ይጫወትበታል ማለት አይደለም። ቀደም ያሉት ብዙዎቹ ለስልክ ጥሪ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ስልካችሁ ከቴፑ ጋር ተገናኝቶ ጥሪው እየሠራ ዘፈኑ ግን ከስልኩ ራሱ የሚወጣ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁለተኛው ዩኤስቢ ነው። የድሮ ቴፕ ዩኤስቢው ላይ የሚፈልገው ፍላሽ ነው። ስልክ ስትሰኩበት ቻርጅ ያደርግ ይሆናል እንጂ ዘፈኑን አያነብም፤ አንድሮይድ ስልክ ፋይሎቹን እንደ ፍላሽ አድርጎ አያቀርብምና። ኤምፒ3 ማጫወቻ ግን እንደ ፍላሽ የመታየት ምርጫ ሴቲንጉ ውስጥ ካለው ሊሠራ ይችላል። ፍላሽ የምትጠቀሙ ከሆነ በፋት32 ፎርማት አድርጉት፣ ከ32 ጊጋባይት አይብለጥ፣ ዘፈኖቹም ኤምፒ3 ይሁኑ። ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት የሆነ ፍላሽ አሮጌ ቴፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ነው የሚታየው።

ኦክስ ካለ

ዕድለኛ ናችሁ። የሚያስፈልገው ሁለቱም ጫፉ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ የሆነ ገመድ ብቻ ነው። ጃኩን ስታዩት ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለበትን ምረጡ። ሦስት ቀለበት ያለው ለማይክ ጭምር የተሠራ ነው። ብዙ ጊዜ እሱም ይሠራል፤ ሁለቱ ቀለበት ግን ነገር አያመጣም። ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከዚያ የረዘመ ገመድ ማርሹ ላይ ይጠመጠማል፣ ጫጫታም ይሰበስባል።

የጃክ ቀዳዳ የሌለው ስልክ ካላችሁ መቀየሪያ ያስፈልጋል። አይፎን ቀዳዳዋን የተወው እ.ኤ.አ. በ2016 በአይፎን 7 ነው፤ ሌሎቹም ተከትለውታል። ለታይፕ ሲ ስልክ መቀየሪያ ስትገዙ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ በውስጡ ያለውን ጠይቁ። ቺፕ የሌለው የሚሠራው በአንዳንድ ስልኮች ላይ ብቻ ስለሆነ፣ «ከስልኬ ጋር አይሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አሁን እንሰካ።

1. የቴፑንም የማጫወቻውንም ድምፅ እስከ ታች ቀንሱ። ይህን ሳያደርግ የሰካ ሰው «ቧ!» የሚለውን ድምፅ ያውቀዋል።

2. ገመዱን በሁለቱም በኩል «ቀጭ» እስኪል ሰኩ። ወፍራም የስልክ ከቨር ካለ አውልቁት። ከቨሩ ጃኩ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ይከለክለዋል። ድምፅ በአንድ ጎን ብቻ ሲመጣ ወይም ሙዚቃው እየተሰማ የዘፋኙ ድምፅ ሲጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

3. ቴፑን ወደ ኦክስ ቀይሩ።

4. ዘፈን ክፈቱና የማጫወቻውን ድምፅ ወደ ሦስት አራተኛው አድርሱ። የቴፑን ድምፅ ከዚያ በኋላ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የድምፅ ጥራት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነውና። ከስልክ የሚወጣው ድምፅ ለኢርፎን የተመጠነ ነው። ስልኩን ዝቅ አድርጋችሁ ቴፑን ከፍ ካደረጋችሁ፣ ቴፑ ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን በመስመሩ ላይ ያለውን ጫጫታ ሁሉ አብሮ ያጎላዋል። ከዚያ ወደ ራዲዮ ስትመለሱ ጆሯችሁ ይጮህባችኋል። በተቃራኒው ስልኩን ጥግ ድረስ ከፍ ካደረጋችሁት፣ አንዳንዱ ማጫወቻ ራሱ ይሰነጣጠቅና ቤዝ ሲመጣ «ግርግር» ማለት ይጀምራል። ትክክለኛው ቦታ ራዲዮና ኦክስ በአንድ የቴፕ ቁጥር ላይ ተቀራራቢ ሆነው የሚሰሙበት ነው። ኢኳላይዘርም በአንድ ቦታ ብቻ ይስተካከል፤ የስልኩን አጥፉና ቤዝና ትሬብሉን ከቴፑ ላይ አስተካክሉ። በሁለቱም በኩል ቤዝ የጨመረ ሰው መጨረሻ ላይ ስፒከሩን ነው የሚወቅሰው።

ገመድ የማይወድ ሰው ኦክሱ ላይ የምትሰካ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ መግዛት ይችላል። የራሷ ባትሪ ያላትን ምረጡ። ምክንያቱን ስለ ጫጫታ ሳወራ ታገኙታላችሁ።

መግቢያው ከጀርባ ከሆነ

ይህ ቴፑን ማውጣት ይጠይቃል። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። ብዙ የፋብሪካ ቴፖች ለሌባ መከላከያ የሚሆን ኮድ አላቸው። ባትሪ ሲነቀል ይቆለፉና ኮድ ይጠይቃሉ። ኮዱ ከመኪናው ሰነዶች ጋር በትንሽ ካርድ ላይ ይገኛል። ኮዱን በእጃችሁ ሳትይዙ ባትሪ አትንቀሉ፤ ያለዚያ የሚሠራ ቴፕ ይዛችሁ ገብታችሁ ዝም ያለ ሳጥን ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

ኮዱ ካለ ቁልፉን አጥፉና የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱ። የቴፑ ፊት ግራና ቀኝ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ፣ በማውጫ ሽቦ የሚከፈት ነው። ሽቦዎቹን አስገብታችሁ ወደ ውጭ ለቀቅ እያደረጋችሁ ትስባላችሁ። ቀዳዳ ከሌለው በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ተነቅሎ ከሥሩ ብሎኖች ይገኛሉ። ፕላስቲኩን በካቻቢቴ አትፈንቅሉት። ጠባሳው ክሩስኮቱ ላይ ሁልጊዜ ይታያል። ለዚህ የተሠራ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ አለ።

ጀርባውን ስታገኙት ቀይና ነጭ ክብ መግቢያ ፈልጉ። ቀዩ የቀኝ፣ ነጩ የግራ ድምፅ ነው። «ኦክስ ኢን» የሚል ከተጻፈበት፣ በአንድ ጫፉ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ በሌላው ቀይና ነጭ ያለው ገመድ ሰክታችሁ ጫፉን በክሩስኮቱ ሥር ማውጣት ነው። «አውት» የሚል ካለ ግን ለአምፕሊፋየር መውጫ ስለሆነ አይጠቅማችሁም።

የሲዲ ቼንጀር መግቢያ ያለው ቴፕ ሌላ ዕድል አለው። ቼንጀሩ ብዙ ሲዲ የሚይዝ ሳጥን ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ድምፁን ለቴፑ የሚልከው በገመድ ነው። እዚያው መግቢያ ላይ የሚሰካ መቀየሪያ ይሸጣል። መቀየሪያው ቴፑን «ቼንጀር ተገናኝቷል» ብሎ ያሳምነዋል፣ ከዚያ የስልካችሁን ድምፅ ያስገባል። ድምፁ ከተራ ኦክስ አያንስም። መቀየሪያው ግን ለእያንዳንዱ የመኪና ዓይነትና ዓመት ይለያያል። «ይገጥማል» በሚል ቃል ብቻ አትግዙ። ያንን የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ፣ ይህን እንደ ቀልድ አትለፉት። ድምፅን በስፒከር ገመድ በኩል ለማስገባት በፍጹም አትሞክሩ። በአብዛኛው የመኪና ቴፕ ላይ ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ኤሌክትሪክ አላቸው፤ አንዳቸውም ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው የኔጌቲቭ መስመር) አይደሉም። ከስልክ ጋር ብታገናኟቸው ቴፑ ወይም ስልኩ፣ ምናልባትም ሁለቱም ይቃጠላሉ።

ካሴት ብቻ ካለ

የካሴት መቀየሪያን ሰው ይንቃታል። እኔ ግን ከኤፍኤም ማሰራጫ አስበልጣታለሁ። በካሴት ቅርጽ የተሠራች ናት፣ ከውስጧ ቀጭን ገመድ ይወጣል። ክር የላትም። በክሩ ፈንታ ትንሽ የማግኔት ሄድ አላት። ይህ ሄድ ካሴት ከሚያነበው የቴፑ ሄድ ጋር ፊት ለፊት ይገጥምና ዘፈኑን በማግኔት ያስተላልፍለታል። ውስጧ ያሉት ጥርሶች የሚዞሩት ቴፑ ክር ያለ መስሎት እንዳይተፋት ብቻ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ቴፑ ካሴት የሚቀበለው በረጅሙ ጎን ይሁን በአጭሩ እዩ። ገመዱ በበሩ በኩል የሚወጣውን ምረጡ። ገመዱን ወደ ሌላ ጎን ማዞር የሚቻልባቸውም አሉ።

ከመክተታችሁ በፊት የቴፑን ሄድ አጽዱ። የጥጥ እንጨት በአልኮል አርጥባችሁ የሚያብረቀርቀውን ሄድና ከአጠገቡ ያለውን ጎማ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ የዓመታት የክር ብናኝ ነው። እስኪደርቅ ጠብቁና ካሴቷን ክተቱ። ዶልቢ የሚል ቁልፍ (የካሴት ጫጫታ መቀነሻ ነው) ካለ አጥፉት፤ ካላጠፋችሁት ቀጭን ድምፆችን ይበላቸዋል። የማጫወቻውን ድምፅ እዚህም ሦስት አራተኛ ላይ ጀምሩ። ከተሰነጣጠቀ ቀንሱ።

ድምፁ ታፍኖ ወይም ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ከተሰማ ቴፑ ወደ ሌላኛው ጎን ዞሮ እየተጫወተ ሊሆን ይችላል። ጎን የሚቀይረውን ቁልፍ ተጫኑ። ደጋግሞ የሚተፋት ከሆነ የካሴቷ ጥርስ ጠንክሮበታል፣ ወይም የቴፑ ቀበቶ ደክሟል። ሌላ ዓይነት ካሴት መሞከር አንዳንዴ ይፈታዋል። ትንሽ «ቀጭ ቀጭ» የሚል የጥርስ ድምፅ ግን አይቀርም። መንገድ ላይ አይሰማም፣ መብራት ላይ ቆማችሁ ለስለስ ያለ ዘፈን ስትሰሙ ግን ትሰሙታላችሁ።

ራዲዮ ብቻ ከሆነ

አሁን ማሰራጫው ተራው ደረሰ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ሆኖ ዘፈናችሁን በኤፍኤም ይለቃል፣ ቴፑ ይቀበላል። ቁም ነገሩ የጣቢያው ቁጥር ምርጫ ላይ ነው።

1. ማሰራጫውን ሳታበሩ ራዲዮውን በእጅ እያዞራችሁ ባዶ ቦታ ፈልጉ። ወጥ የሆነ ጫጫታ ብቻ የሚሰማበት መሆን አለበት። በስተጀርባው ሰው ሲያወራ ከተሰማ እለፉት።

2. ከቁጥሩ በላይና በታች ባለው 0.2 ሜጋኸርዝ ላይም ጎረቤት እንዳይኖር አረጋግጡ። ጉልበተኛ ጎረቤት ያለበት ባዶ ቦታ ባዶ አይደለም።

3. ማሰራጫውን በዚያ ቁጥር አብሩት። ጫጫታው ድርግም ብሎ ጸጥ ካለ ተሳክቷል። ዘፈን ክፈቱ።

4. በተመሳሳይ መንገድ ሁለተኛና ሦስተኛ ቁጥር ፈልጉና ቴፑ ላይ ሴቭ አድርጉ። ረጅም መንገድ ስትሄዱ የመጀመሪያው ቁጥር በሌላ ጣቢያ መያዙ አይቀርም።

መኪናው ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ ቴፑ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ሊቀበል ይችላል። አብዛኛው ማሰራጫ ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ የሚገናኙት በ87.5 እና በ90 መካከል ብቻ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ሌሎች ጣቢያዎችን ለማስገባት ማስፊያ (የጣቢያዎቹን ቁጥር ቀንሶ ለቴፑ የሚያቀብል ዕቃ) ተገጥሞ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁጥር እውነተኛው አይደለም። ማስፊያው 12 ሜጋኸርዝ የሚቀንስ ከሆነ፣ ቴፑ 88 ሲል የሚሰማው በእውነት 100 ላይ ያለውን ነው። ማሰራጫውን 100 ላይ ማድረግ አለባችሁ ማለት ነው። «ማሰራጫዬ ቁጥሩን አስተካክዬም አልሠራ አለ» የሚለው እንቆቅልሽ ብዙ ጊዜ መፍትሔው እዚህ ነው።

ድምፁ ከኦክስ ትንሽ የደበዘዘ ይሆናል። ኤፍኤም የሚያስተላልፈው እስከ 15 ኪሎኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ስለሆነ ጥግ ላይ ያሉት ቀጭን ድምፆች ይቀራሉ። የማሰራጫ ጉልበት በብዙ አገር በሕግ የተገደበ ነው፤ ስለዚህ አንቴናው ኋላ መስታወት ላይ ባለበት መኪና ላይ ቢዳከም አይግረማችሁ።

ከዚህ የተሻለ ሌላ ዓይነት አለ፤ በገመድ የሚገባ ኤፍኤም ሞዱሌተር ይባላል። የአንቴናው ገመድ ከቴፑ ጀርባ ተነቅሎ እሱ መካከል ይገባል። ስታበሩት ውጪውን አንቴና ይቆርጠውና ቴፑ የእናንተን ዘፈን ብቻ ይሰማል። ቴፑን ማውጣት ቢጠይቅም ራዲዮ ብቻ ላለው መኪና የምመክረው እሱን ነው።

ነዳጅ ስትረግጡ የሚጮኸው ነገር

ሁሉም ተገናኝቶ ዘፈኑ ይሰማል፤ ከሥሩ ግን «ዊይይይ» የሚል ቀጭን ድምፅ አለ። ነዳጅ ስትረግጡ ይቀጥናል፣ ስትለቁ ይወፍራል። ይህ የዲናሞው ድምፅ ነው። ስልኩ በአንድ ጊዜ ከመኪናው ቻርጀር እየተሞላ ከኦክሱም ጋር ሲገናኝ ይመጣል። ቻርጀሩና ቴፑ ማሳ የሚያገኙት ከተለያየ ቦታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ጥቂት የቮልት ልዩነት በድምፅ ገመዱ በኩል መንገድ ታገኛለች፤ የዲናሞውንም ጫጫታ ይዛ ትመጣለች።

ለማረጋገጥ ሞተሩ እየሠራ ቻርጀሩን ከስልኩ ንቀሉ። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ ምርመራው አልቋል። በጣም ቀላሉ መፍትሔ ስልኩን ቤት ሞልቶ መምጣት ወይም ከፓወር ባንክ ማስሞላት ነው። ባትሪ ያላትን የብሉቱዝ መቀበያ ያልኳችሁም ለዚህ ነው። ቻርጅ እያደረጋችሁ መስማት ካለባችሁ በኦክስ ገመዱ መካከል የሚገባ የማሳ መለያ ይሸጣል። ውስጡ ሁለት ጥቃቅን ትራንስፎርመሮች አሉ። ድምፁን ያሳልፋሉ፣ ማሳውን ግን ይለያያሉ። በጣም ርካሹ ቤዙን ትንሽ ይቀንሰዋል።

ቻርጀሩ ተነቅሎም ጩኸቱ ካልጠፋ የቴፑ የራሱ ማሳ ላልቶ ሊሆን ይችላል፣ ያ የኤሌትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ገመዱን ስትነኩት «ፍርርር» የሚል ከሆነ ግን ገመዱ ውስጡ ተቆርጧል፤ አትጠግኑት፣ ቀይሩት። ጥሪ ሊገባ ሲል የሚሰማው «ድድድ ድድድ» ደግሞ የስልኩ የኔትወርክ ሞገድ ነው። ስልኩን ከገመዱና ከቴፑ ራቅ ማድረግ ይበቃዋል።

ቴፑን መቀየር ይሻላል?

ሲዲው የማይሠራ፣ ስክሪኑ የጠፋ፣ ቁልፉ የማይታዘዝ ከሆነ መቀየሪያ መደርደር ገንዘብ ማባከን ነው። ብዙ መኪና የሚቀበለው መደበኛ መጠን አለው፦ ነጠላው ወደ 180 በ50 ሚሊሜትር፣ ድርቡ ወደ 180 በ100 ሚሊሜትር። ስታስገጥሙ የፋብሪካውን ሶኬት እንዲቆርጡት አትፍቀዱ። ለመኪናው የሚሆን የሶኬት መቀየሪያ አለ፤ በኋላ የቀድሞውን ቴፕ መመለስ ብትፈልጉ ሁሉም እንደነበረ ይሰካል። መሪው ላይ ያሉት የድምፅ ቁልፎች እንዲሠሩ ከፈለጋችሁም ቀድማችሁ ተናገሩ፤ የራሱ ሞጁል አለው።

ቴፑ ጤነኛ ከሆነና ድምፁን ከወደዳችሁት ግን አትንኩት።

ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ዕቃ ላላችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። የጭነት መኪናና አውቶቡስ ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ስለሆኑ፣ ዕቃው ላይ «12–24» የሚል ካልተጻፈበት እነሱ ላይ አትሰኩት። ሌላው፣ በአንዳንድ መኪና መለኮሻው ቁልፉ ከወጣም በኋላ ኤሌክትሪክ አለው። ሞተሩን አጥፉና ቁልፉን አውጡ፤ የዕቃው ትንሿ መብራት አሁንም ከበራች ባትሪያችሁን ቀስ እያለች እየበላች ነው። መኪናውን ለቀናት የምታቆሙ ከሆነ ነቅላችሁት ግቡ።